አስቸኳይ! የአባዬ የሕይወት ታሪክ ፋይል አልነበብ አለኝ፣ አርባው ነገ ነው

የባለሱቁ ልጅ (ጠያቂ)፦
ወገን ድረሱልኝ። ነገ የአባዬ አርባ ነው። አጎቴ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በቴሌግራም ላከልኝ። ስከፍተው አማርኛ የሚባል የለም። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ወሰድኩት፤ ልጆቹ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው መለሱኝ። 12 ሰዓት ይዘጋሉ። ምን ላድርግ?

ባለፍላሹ፦
ቫይረስ ነው። ላፕቶፑን ፎርማት አድርጊው።

እታለም፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ኧረ ፎርማት እንዳታደርጊ! ምን ዓይነት ምክር ነው ይሄ?

አራት ኪሎ፦
ዶላር ከታየበት ወደ እኔ ላኪው።

አባ መላ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ። ግን ልጠይቅሽ፣ የሕይወት ታሪክ የሚነበበው በቀብር ዕለት አይደለም እንዴ? አርባ ማለት ጸሎተ ፍትሐት ነው። ለነዳያን ይዘከራል፣ ካህናቱ ይጸልያሉ፣ አለቀ። አሁን አሁን ባነር፣ ባለቀለም መጽሔት፣ ድምፅ ማጉያ እየተባለ ተዝካሩ ሰርግ መስሏል። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ ነው። የማተሚያውን ገንዘብ ለነዳያን ብትሰጪው ይሻላል።

የባለሱቁ ልጅ፦
አባ መላ፣ ጸሎቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይደረጋል፤ ዝክሩም አልቀረም። ቀብሩ ዕለት ዝናቡ አላስቆም ብሎን ምንም ሳይነበብ ተመለስን። ይሄ ከምሳ በኋላ እቤት የሚነበብ ነው። እህቴም ከአሜሪካ የገባችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ፋይሉ አልተበላሸም፣ አትደንግጪ። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ የሚሰጠው የጋራ አሠራር) አልነበሩም። የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በፈረንጁ ፊደል ቦታ ላይ ነው። የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ከሥሩ ያለው የፈረንጅ ፊደል ይወጣል። አጎትሽ በምን ጻፉት?

የባለሱቁ ልጅ፦
እኔ እንጃ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ኮምፒዩተሩም የድሮ ነው። ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን መጻፊያ ጭኛለሁ፣ ያው ነው። ፎንቱን ወደ ኒያላም ቀየርኩት፣ ያው ነው።

ኮምፒዩተር ሰፈር፦
ፓወር ግዕዝ ጫኚ። ይሠራል።

እታለም፦
ጭኛለሁ አለችህ እኮ። አንብብ እንጂ!

ፊደል ቆጣሪ፦
ኒያላ አይሠራም፤ ዩኒኮድ ነው። ዎርድ ውስጥ ክፈቺውና ከተዘበራረቀው ጽሑፍ አንዱ ቃል ላይ ጠቅ አድርጊ። ከዚያ ከላይ የፎንት ስም የሚጻፍበትን ሳጥን እይ። ፎንቱ ላፕቶፕሽ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ይታያል። ግን ዋናውን ፋይል ክፈቺ፣ ወደ ኒያላ የቀየርሽውን አይደለም።

ባለፍላሹ፦
አጎትሽ ራሳቸው በፒዲኤፍ ይላኩት፣ አለቀ። ቫይረስ ያልኩትን እርሱት።

የባለሱቁ ልጅ፦
ደወልኩለት። መብራት ጠፍቷል አለኝ።

አራት ኪሎ፦
አይ መብራት! እኔ እኮ የት ቀረ እያልኩ ነበር።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም፦
እስኪ መብራቱ እስኪመጣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጽሑፉ ምን ይላል? አጎትሽ በስልክ አልነገሩሽም?

የባለሱቁ ልጅ፦
ከረቂቁ ላይ ትንሽ አንብቦልኛል። «በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ፣ በ1955 ኮልፌ ሱቅ ከፈቱ፣ ትዳር መሥርተው 6 ልጆች አፈሩ፣ ታታሪ፣ ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ይላል። ቀሪው ስለ ትውልድ አገራቸውና ስለ ዘመዶቻቸው ነው።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም፦
አይክፋሽና ይሄ የማንም ሰው ታሪክ ይሆናል። ሩህሩህ ያልተባለ ሟች ሰምቼ አላውቅም። ከ1955 ጀምሮ ሱቅ የያዘ ሰው ስንት ነገር አይቷል! በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ሱቁ ምን ሆነ? እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ወደ ቀበሌ ነው የሄደው። ስኳር በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን ሲሆን ባለሱቅ ምን ሸጦ ልጅ አሳደገ? በ1969 የንጉሡ ብር ተቀየረ፣ በ1990 የደርጉ፣ በ2013 ደግሞ ባለ 200 ብር ኖት መጣ። ሦስቱንም እዚያው ባንኮኒ ላይ ሆነው ነው የቆጠሩት። የዱቤ ደብተራቸውስ የታለ? ፎንቱን ትተሽ እሱን አምጪ።

ኮምፒዩተር ሰፈር፦
ጋሼ፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ፋይል ነው።

የባለሱቁ ልጅ፦
ሒሳብ ሹሙ ልክ ናቸው፣ እውነት ነው። ሱቁ ተወርሶ ኪራዩን ለቀበሌ ይከፍል ነበር። ኅብረት ሱቁ ስኳሩን ሲወስድበት ክብሪት፣ ሻማ፣ ጨውና ላምባ ብቻ ይሸጥ እንደነበር እማዬ ትነግረናለች። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ስኳር የሚጠቀልለው በእኛ አሮጌ ደብተር ነበር። አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ ስኳር ገዝታ ወረቀቱን ስትፈታ 3 ከ10 ያገኘሁበት የሒሳብ ፈተና ወጣ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰማ። እያለቀስኩ ስነግረው ሳቀና «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን ለሳሙና ነው የማደርገው፣ ሳሙና ሲጠቀለል አያነቡትም» አለኝ። የዱቤ ደብተሩ አለ። ሰዎቹን በስም አይጽፍም። «ባለ ቀይ በር»፣ «የወታደሩ ሚስት»፣ «መንታዎቹ» ነው የሚለው። ሳይከፈል የቀረ ብዙ ነው፤ አንዱም ላይ አልሰረዘበትም፣ ግን ሲጠይቅም አላየሁም።

እታለም፦
በቃ! ነገ የሚነበበው ይሄ ነው። ወንድሞችሽስ ምን ያስታውሳሉ?

የባለሱቁ ልጅ፦
ታላቅ ወንድሜ ምሳውን ያመላልስለት ነበር። አባዬ የሚበላው የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ፣ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብሎ ነው። ማታ ግን እኛ ሳንሰበሰብ እራት አይቀርብም። የሚበላው አንድ ትሪ ላይ ከሁላችን ጋር ነው፣ ማንም ቢዘገይ ይጠበቃል። ርቦን ስንነጫነጭ የከረሜላ ዕቃውን ይከፍትልን ነበር። እማዬ «ትርፉን ጨረስከው» ትለዋለች።

ይቅርታ ወሬ አበዛሁ። የፎንት ስም የሚጻፍበት ሳጥን ላይ «ቪጂ2 ሜይን» ይላል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ተገኘ! ይሄ ቪዥዋል ግዕዝ ነው። ፓወር ግዕዝ ያልሠራልሽ ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ፊደላቱን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው። የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ያለው ሰው ፈልጊ። የድሮ ጽሕፈት ቤቶችና የቆዩ ማተሚያ ቤቶች አያጡትም። ፎንቱን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ «ኢንስቶል» በዪው። ዎርዱን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺ። አማርኛው ሲመጣ እዚያው ላፕቶፕሽ ላይ በፒዲኤፍ አስቀምጪው፤ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል። ማተሚያ ቤት የምትወስጂው ፒዲኤፉን ነው። ጽሑፉን ቀድተሽ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊው፣ እንደገና ይዘበራረቃል።

ባለፍላሹ፦
እኔም ፒዲኤፍ ብዬ ነበር።

አራት ኪሎ፦
ወይ ደግሞ አጎትዬው ረቂቁን በሞባይል ፎቶ አንስተው ይላኩ። ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። አንቺ ታነቢያለሽ፣ አንዱ ይተይባል። ስልካቸው ባትሪ ካለው።

ማርዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ነፍስ ይማር የኔ እናት። ባነሩ ላይ ዓመቱን እንዴት ጻፋችሁት?

የባለሱቁ ልጅ፦
ባነሩን እህቴ ነች ያሠራችው። ታትሟል። «1939 – 2018» ይላል። አጎቴ 1931 ነው ይላል። እሱም ያጨቃጭቀናል።

ማርዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጠርጥሬ ነበር። እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ሁሌ የምንሠራው ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእኛ 1931 ከመስከረም 1938 እስከ መስከረም 1939 ፈረንጅ ድረስ ነው። እህትሽ የልደቱን በፈረንጅ፣ ያረፉበትን በእኛ አድርጋዋለች። ባነሩን ያየ ሰው ሲቀንስ 79 ይመጣለታል። አባትሽ ግን ወደ 87 ናቸው። 8 ዓመት ቀንሳችሁባቸዋል! ቁጥሩ ላይ ብቻ «1931 – 2018 ዓ.ም.» የሚል ስቲከር አስለጥፉበት። አዲስ ባነር አያስፈልግም።

አባ መላ፦
ባነር ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

እታለም፦
አባ መላ በናትህ!

የባለሱቁ ልጅ፦
ማርዬ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ማንም አላየውም ነበር። ፊደል ቆጣሪ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ የድሮ ጽሕፈት ቤት አለ፣ እዚያ እየሄድኩ ነው። አጎቴም ፎቶ እያነሳ ነው፣ ግን ጣቱን አብሮ ነው የሚያነሳው። የስኳሩን ነገር በእጄ ጽፌ እጨምራለሁ። እመለሳለሁ።

የቀድሞ ሒሳብ ሹም፦
የዱቤ ደብተሩን ይዘሽው ግቢ። ከሚያነበው ሰው ጎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከነዚያ ቤቶች ነገ የሚመጣ አይጠፋም።

አራት ኪሎ፦
«ባለ ቀይ በር» ከመጣ ምሳ በዱቤ ነው።

ዕድርተኛው፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያየሁት። ነፍስ ይማር። ጠያቂዋ፣ ፎንቱን አገኘሽው? እኔም ያው ችግር ገጥሞኛል፣ የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሳጥኑ ላይ «ቪጂ2 ታይትል» ይላል። ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላክልኝ።