ሐረጎን ለመውጣት የሞተር ዙር ገደብ ማስነሣት ያዋጣል?

የደሴ ቪትዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 1,000 ሲሲ ቪትዝ አለኝ፤ ካምቢዮው ማንዋል ነው። በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት አራት ሰው ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ዙሩ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ሞተሩ «ተ-ተ-ተ» እያለ ይንገጫገጫል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ከዚያ አያልፍም። አንድ ባለሙያ «ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቆለፈ ገደብ ነው፤ 1,000 ዙር ልጨምርልህ» አለኝ። ገንዘቡን አዘጋጅቻለሁ። ከመክፈሌ በፊት ያስሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

የወልድያ አይሱዙ፦
እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ። በድሮው አይሱዙ ገደቡን የሚይዘው ናፍጣ ፓምፑ ውስጥ ያለው ገቨርነር ነው፤ ዙሩ ሲበዛ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ናፍጣውን ይቀንሳሉ። የማስተካከያው ብሎን የሚታሸገው በምክንያት ነው። ረዳት ሳለሁ ማሸጊያው ተቆርጦ ብሎኑ የተነካበት መኪና ላይ ሠርቻለሁ። ጩኸቱ ጨመረ፤ ዳገቱን ግን እንደ ቀድሞው ነበር የምንወጣው። ዓመት ሳይሞላ ሞተሩ ወረደ።

የቦርከናው መካኒክ፦
ልጄ፣ አብሽር፤ ገንዘብህንም ያዝ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሳወርድ ስለኖርኩ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ልንገርህ።

መንገጫገጩ ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩ የኮሎውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ዙር ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ከገደቡ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ለሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ቤንዚን ሲቀር ዙሩ ይወርዳል፣ ሲወርድ ደግሞ መልሶ ይለቅለታል። የምትሰማው ይህንኑ ነው።

ለምን ተገደበ? በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሆን እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ 100 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ቢዬላውን፣ ይጎትተዋል፤ ይህ ጫና ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከ6,500 ወደ 7,500 ብታወጣው ዙሩ የጨመረው 15 በመቶ ነው፤ ቢዬላው የሚሸከመው ግን በ33 በመቶ ይጨምራል። የቫልቭ ሞላዎቹም ያንን ፍጥነት መከተል ያቅታቸዋል፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ሊደርስበት ይችላል። ገደቡን በወጉ የሚያነሣ ሰው ሞላውንም፣ የቢዬላውን ብሎንም፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትም ይቀይራል። ላፕቶፕ ሰክቶ ቁጥሩን ብቻ መቀየር ቀላል ነው፤ ውስጥ ያለው ብረት ግን ያው የድሮው ብረት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ምንም አታተርፍበትም። የአንተ ሞተር ከፍተኛ የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው በ6,000 ዙር፣ ከፍተኛ ጉተታውን ደግሞ በ4,000 አካባቢ ነው። ከ6,000 ወዲያ ያለው ጩኸት ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ያጣኸው አየር ነው፤ ዙር መጨመር አየሩን አያወፍረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዤ ጠረጴዛ ላይ የጎበጠ ቫልቭ አለ። አናቱ ወደ ጎን ዘሟል፤ ፒስተኑ የመታው ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ባለቤቱ ሐረጎን ሲወርድ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ለመመለስ ፈልጎ አንደኛ ገባበት። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ፍጥነቱ 70 ነበር፤ ሞተሩ ከ9,000 ዙር በላይ ሄደ። የዙር ገደቡ ሳይነካ እንዳለ ነበር፤ ግን ገደቡ የሚያቆመው ቤንዚኑን ነው እንጂ ሞተሩን በግድ የሚያዞረውን ጎማ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ማርሽህን ተረጋግተህ ቀይር።

አሁን የአየር ማጣሪያህንና ካንዴላህን እይ። ዳገቱን ስትወጣ 5,800 ላይ ሦስተኛ አስገባ፤ ዙሩ 4,000 አካባቢ ይወርዳል፤ ጉተታው ያለው እዚያ ነው።

የደሴ ቪትዝ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ማጣሪያውን አወጣሁት፤ እጥፋቶቹ መሃል የተጠቀጠቀውን አቧራ ስነካው እንደ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። እንዳሉኝም ሦስተኛ አስገብቼ ሞከርኩ፤ መንገጫገጡ ቀርቷል። ሰው ሞልቶ ዳገቱ ሲጠና ግን በሦስተኛ ወደ 3,000 ይወርድብኛል። ምን ላድርግ?

የቦርከናው መካኒክ፦
እስከዚያ አትጠብቀው ልጄ። መውረድ ሲጀምር ወደ ሁለተኛ መልሰውና 4,500 ላይ ይዘህ ውጣ። የጫንካቸው ሰዎች አምስት ደቂቃ ዘግይተው ቢደርሱ አይጎዱም።