ከጡረታ በኋላ ሥራ መፈለግና በዕድሜ መገመት

ጥያቄ፦ ለ32 ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት ካገለገልሁ በኋላ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ጤናዬ የተሟላ ስለሆነ ሥራ አመለከትሁ፤ የጽሑፍ ፈተናውን ባልፍም ቃለ መጠይቅ አድራጊው የልደት ዘመኔን ሲያይ ወረቀቱን በዝግታ አጥፎ «እንደውልልዎታለን» አለኝ። አልደወለም። በዚህ ዕድሜ ሥራ መፈለግ ነውር ነው?

መልስ 1፦ በፍጹም ነውር አይደለም። የጡረታ ዕድሜ በሕግ እንጂ በተፈጥሮ የተወሰነ አይደለም፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 የእርጅና ጡረታን ስትደነግግ መነሻው 70 ዓመት ነበር፣ ወደ 65 የወረደውም በ1916 ነው። ብሪታንያ ደግሞ 65 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በዕድሜው ብቻ ማሰናበት ይፈቅድ የነበረውን ደንብ በ2011 አንስታለች።

መልስ 2፦ እኔ ራሴ ሠራተኛ የምቀጥር ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የሚያሠጋን ዕድሜው ሳይሆን አመልካቹ አዲሱን የሒሳብ ሶፍትዌር አያውቅም የሚለው ግምታችን ነው፤ ሳንጠይቅ መገመታችን ጥፋት መሆኑን አልክድም። ካልተጠየቁ የልደት ዘመንዎን አይጻፉ፤ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ግን ከላይ ያስቀድሙ።

መልስ 3፦ «የወጣቱን እንጀራ ትሻማላችሁ» የሚሉዎትን አይስሟቸው፤ የሥራ ብዛት እንደ ዳቦ ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ለካ ሶፍትዌሩን የጠቀስሁት በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ኖሯል።