የሩጫ ፈረስ የእግር መከላከያ ቡት ማድረግ የለበትም?

የዳማው ዘመድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ፈረስ ለምታውቁ ነው። ሰሞኑን የዱባይ ወርልድ ካፕ የድሮ ውድድሮችን በስልኬ ሳይ ነበር። ሜይዳን በሚባለው የዱባይ መወዳደሪያ ሜዳ ላይ የሚሮጡት ፈረሶች ዋጋቸው አይጠየቅም፣ የአብዛኞቹ እግር ግን ባዶ ነው! ኦሎምፒክ ላይ መሰናክል የሚዘሉት ቡት አላቸው፣ የፖሎ ፈረሶች አራቱም እግራቸው ይጠቀለላል፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበረው ግን ምንም የለውም። ምን ዓይነት ነገር ነው? እኔን ከጠየቃችሁኝ በግዴታ መሆን አለበት። ደግሞ የራሴም ጉዳይ አለበት። አጎቴ እንጅባራ ነው ያለው፣ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ዳማውን እያዘጋጀ ነው። ፈረሱ የፊት እግሩን ከውስጥ በኩል ይቆስላል፣ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል። ቡት ላስመጣለት ወይስ ብሬን ልያዝ?

ዶክተር ሰኮና፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መጀመሪያ ቡት ምን እንደሚሠራ እንለይ። ቡት ምት ይከላከላል። የኋላ እግር የፊቱን ሲመታው፣ ግራው ቀኙን ሲልጠው፣ እንጨት ሲነካው። የፖሎ ፈረስ የሚጠቀለለው በኳሱና በዱላው ምክንያት ነው።

የሩጫ ፈረስን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ምት አይደለም። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሲጋልብ አንዱ የፊት እግሩ ብቻውን መሬት የሚረግጥበት ቅጽበት አለ፣ ያን ጊዜ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከራሱ ክብደት እጥፍ በላይ ነው። ከጉልበቱ በታች ደግሞ ጡንቻ የሚባል ነገር የለም፣ አጥንትና ጅማት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤይት ቤልስ የምትባል ፈረስ ኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን የአሜሪካ ትልቅ ውድድር ሁለተኛ ሆና ጨርሳ፣ ከመስመሩ አልፋ ፍጥነቷን እየቀነሰች ሳለ ሁለቱም የፊት ቁርጭምጭሚቶቿ ተሰበሩ። ማንም አልመታትም። እዚያው ሜዳው ላይ ነው እንድትሞት የተደረገው። እንዲህ ዓይነት ስብራት ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ይገኛል፣ በልምምድ ብዛት የመጣ። ይህን የትኛው ቡት ይይዘዋል?

ሌላው ሙቀት ነው። ፈረስ ሲጋልብ የጅማቱ መሀል እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በላዩ ቡት ስታስርበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በግዴታ የሚለውን አልደግፍም።

ጋጣ ውስጥ ነኝ፦
ገልፍ ውስጥ የፈረስ ጋጣ ነው የምሠራው። ዶክተር ያለው ልክ ነው፣ ግን ጠዋት ልምምድ ላይ መጥታችሁ ብታዩ እኮ ብዙዎቹ ቡት ወይም ፋሻ አላቸው! በውድድር ቀን ነው የሚወልቀው። ትንሽም ብትሆን እግር ጫፍ ላይ ያለች ክብደት ታደክማለች፣ ውሃ ከጠጣች ደግሞ አትጠይቁኝ። አሸዋም ይገባል። በቡቱና በቆዳው መሀል የገባ አሸዋ በአንድ ግልቢያ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ያነሳዋል። ፋሻ ደግሞ እጅ ይፈልጋል፣ አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ ጅማቱን ይጎዳዋል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ከተፈታ ደግሞ ፈረሱ ረግጦት ጋላቢውን ይዞ ይወድቃል። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ፋሻ አናስጠቀልለውም።

ሶምሶማ፦
እኔ አልስማማም። ስዊድን ውስጥ ነው የምኖረው፣ እዚህ ጋሪ እየጎተቱ በሶምሶማ የሚወዳደሩ ፈረሶች አሉ። ቡት አድርገው ይወዳደራሉ፣ ማንም «ሞቀው» ሲል አልሰማሁም። ከኋላ የመጣ ፈረስ በሰኮናው የፊተኛውን ጅማት ቢቆርጠውስ? በብረት ጫማ ማለት ነው። ምት አይገድልም ማለት ትንሽ ማጋነን ነው።

ዶክተር ሰኮና፦
@ሶምሶማ አይገድልም አላልኩም፣ ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት። የሶምሶማ ፈረስ አረጋገጡ እግሩን እርስ በርሱ ያጋጫል፣ ለሱ ቡት ተገቢ ነው። አሜሪካም አሸዋማ መም ላይ የኋላ ቁርጭምጭሚት እንዳይላጥ ፋሻ የሚያደርጉ አሉ። የሚጋጭ ፈረስ ያድርግ፣ የማይጋጭ አያድርግ፣ ፈረሱ ይወስን ነው የምለው።

በግዴታ ማውጣት የሚፈልግ ካለ ግን ምርመራውን ግዴታ ያድርግ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳንታ አኒታ በሚባለው የካሊፎርኒያ መወዳደሪያ ከ30 በላይ ፈረሶች ከሞቱ በኋላ ሰው ሁሉ ተንጫጫ፣ ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ፈረሱ እንደቆመ የእግሩን የውስጥ ምስል የሚያነሳ ፔት ስካን የሚባል መሣሪያ እዚያው አስገቡ። በአሜሪካ ፈረሶች ውድድር በገቡ በየ1,000 ጊዜው የሚሞቱት በ2009 2 ነበሩ፣ በ2022 ወደ 1.25 ወርዷል። የወረደው በቡት አይደለም። መሙን በመመርመር፣ መድኃኒት በመቆጣጠር፣ የሚያነክሰውን ከውድድር በማስቀረት ነው።

የአዊ ልጅ፦
ወንድሜ አሜሪካን ተወውና የአጎትህን ፈረስ እንይ። ከውስጥ በኩል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆስል ፈረስ ራሱን ነው የሚመታው። ሰኮናው መቼ ነው የተከረከመው? አንዱ ጎን ከረዘመ እግሩ ወደ ውስጥ ይጣላል። ሌላው ድካም ነው። እኛ አገር ፈረስ ያርሳል፣ ጭነት ይጭናል፣ ከዚያ በዓሉ ሲቀርብ ከእርሻ ፈትተው ወዲያው ጉግስ ያስሮጡታል። የደከመ ፈረስ እግሩን አያነሳም፣ ይጎትታል። መጀመሪያ ያሳርፈው፣ ይከርክመው። ካልተሻለው የፊት ቡት ብቻ ግዛ፣ ግን «ፉል» የሚለውን መጠን እንዳታዝ። ያ ለትልልቆቹ የውጭ ፈረሶች ነው፣ የኛ እግር ላይ ይዞራል። ፖኒ ወይም ኮብ የሚለውን እይ፣ ከማዘዝህ በፊት በሜትር አስለካው።

የዳማው ዘመድ፦
አመሰግናለሁ፣ በግዴታ ያልኩትን አንስቻለሁ 😄 አጎቴ ጋ ደወልኩ። ሰኮናውን ከክረምት ወዲህ አልነካነውም አለኝ። ቅዳሜ ያስከረክመዋል። ቡቱን ግን «ለልምምድ ብቻ ነው» ብለውም «ፈረሰኛ ሁሉ ይስቅብኛል» ብሎ እምቢ አለ። @የአዊ ልጅ በውስጥ መስመር ስልኩን ልላክልህ፣ በአገውኛ ብታናግረው ይሰማህ ይሆናል።