ራሴ የሞላሁትን ጥይት ጠመንጃዬ አልጎርስ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኮሎራዶ ነው፤ ለአጋዘን አደን ጥይት ራሴ መሙላት (ባዶ ቀለህ ላይ ባሩድና አረር መግጠም) የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ጠመንጃዬ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ፣ .308 ዊንቸስተር የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚጎርስ ነው።

ችግሬ ይሄ ነው፦ የፋብሪካ ጥይት ሳጎርሰው መቀርቀሪያው ያለ ምንም ጭንቅ ይዘጋል። የራሴን ሳስገባ ግን መጨረሻ ላይ ይከብዳል። ትናንት አንዱን መልሼ ሳወጣው ቀለሁ ብቻ መጣ፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ባሩዱ ተበተነ። በጣም ደነገጥኩ። አረሩን በዘንግ ገፍቼ አውጥቼ በርሜሉን እስኪጠራ አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተኮስኩም።

ግራ የገባኝ ልኩ ነው። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት በካሊፐር (በትክክለኛ መለኪያ) 2.800 ኢንች ነው፤ ለዚህ ጥይት የተፈቀደው ጣሪያ ደግሞ 2.810። ባሩድ የሌለበት፣ ተስተካክሎ የተጠበበ ባዶ ቀለህ ሳስገባ በቀላሉ ይዘጋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሁ ትከሻ (ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ) አይመስለኝም። አንድ አረር በጥቁር ማርከር ቀብቼ ስሞክር፣ ጎኑ መጥበብ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ እኩል የተራራቁ ጭረቶች ታዩ። የበርሜሉ ጥምዝ ቦይ (አረሩን የሚያሽከረክረው የውስጥ ቅርጽ) ጠርዝ እየነካው ነው ማለት ነው? አረሩ 168 ግሬይን (የአረር ክብደት መለኪያ) ነው፣ ጎኑም ከፋብሪካው ወፈር ይላል።

ጠልቆ እንዲገባ ባደርገው ውስጡ ያለው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል ብዬ ፈራሁ። ባሩዱን የጥይት መሙያ መመሪያው ወደሚሰጠው ዝቅተኛ መነሻ መጠን አውርጄ እንደገና ልጀምር? ከጥምዙስ ምን ያህል ላርቀው? የሞላኋቸውን 40 ጥይቶችስ ልፍታቸው?