ሌፕቲን የመከላከል አቅምን የሚያነቃቃ ከሆነ ውፍረት ለምን ያዳክመዋል? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ስብ ሕዋሳት ሆርሞኖች ለክፍል የማቀርበው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ አልገፋ ብሎኛል። ኢሚውኖሎጂ የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» ይላል። በዚህም አያበቃም፣ ቲ ሴሎችን (ኢንፌክሽን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳትን) ያነቃቃል። ሌፕቲን ማምረት የማይችሉ አይጦች ከልክ በላይ ከመወፈራቸው ሌላ ቲ ሴሎች የሚያድጉበት ታይመስ እጢያቸው ይኮሰምናል። በዘር ምክንያት ሌፕቲን የሌላቸው ሕፃናትም በኢንፌክሽን ቶሎ ቶሎ ይጠቃሉ፤ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው የቲ ሴሎቻቸው ሁኔታ ይሻሻላል። በረሃብ ጊዜ የመከላከል አቅም መድከሙም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። እስከዚህ ግልጽ ነው።

ግን ወፍራም ሰው ደሙ ውስጥ ሌፕቲን ሞልቶ ተርፏል! ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2009 በተነሳው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ለምን ይበልጥ ተጎዳ? አንጎል ለሌፕቲን ምላሽ መስጠቱን እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ቲ ሴሎችም እንደዚያው ይሆናሉ? ወይስ በስብ ውስጥ የሚከማቹት ማክሮፋጆች (ጀርም የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት) ከሚያመነጩት ቲኤንኤፍ አልፋ (ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን) ጋር ተደምሮ፣ የማያባራው ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ቲ ሴሎቹን ያዝላቸዋል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዱ እንደሆነ ግን መለየት አቃተኝ።

አዲፖኔክቲን ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ብግነትን የሚያበርድ፣ ራሱ ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ስብ ሲበዛ እንዴት ይቀንሳል?

የክብደት መቀነሻ ምክር አይደለም የምፈልገው፤ የአሠራሩን ቅደም ተከተል የሚያስረዳኝ ሰው ነው።