በዐቢይ ጾም ወደ ጓንዡ ለሚሄድ ሰው የጾም ምግብ እንዴት ይገኛል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ነኝ። በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 7 ቀን በሚጀምረው የቻይናዋ ጓንዡ ከተማ የንግድ ትርዒት (ካንቶን ፌር) ላይ ለመገኘትና ከዚያም ፋብሪካዎችን ለመጎብኘት እየተዘጋጀሁ ነው። የፀደዩ ትርዒት ሁልጊዜ በዚሁ ሰሞን ስለሚከፈት፣ ፋሲካ ቀደም ብሎ በሚውልባቸው ዓመታት ችግር የለብኝም፤ ዘንድሮ ግን በዓሉ ሚያዝያ 24 ቀን በመሆኑ የምቆይባቸው ሁለት ሳምንታት በሙሉ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃሉ። በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ገጥሞኝ በሙዝ፣ በለውዝና በነጭ ሩዝ ነበር የሰነበትኩት። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብቼ፣ አስተናጋጁ ሥጋ እንደሌለበት በእጁ ምልክት አረጋግጦልኝ ሳለ፣ የቀረበልኝ ፎሶሊያ ላይ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት አገኘሁት። ዓሣም ሆነ የባሕር ምግብ አልበላም፤ የምቀምሰውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። አብሳዮቹ በትክክል እንዲረዱኝ ምን ማለት እንደሚገባኝ የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ እዚያው ከተማረ ሰው፦
ሰላም እኅቴ። ጓንዡ ውስጥ በተማሪነት ጥቂት ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ፎሶሊያው ላይ የደረሰብዎትም በክፋት የተደረገ አይመስለኝም። ብዙ አብሳዮች ሥጋ የሚሉት ራሱን ችሎ የሚቀርበውን ሲሆን፣ ለማጣፈጫ ጣል የሚደረገውን ጥቂት ከቅመም ይቆጥሩታል። ስለዚህ «ሥጋ አልፈልግም» ማለት ብዙም አይጠቅምዎትም። የሚጠቅመው «ዎ ቺ ሱ» («ሱ» ነው የምበላው) ማለት ነው። «ሱ» የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡት ዓይነት ምግብ መጠሪያ በመሆኑ፣ ሰሚው ነገሩ የእምነት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል። ከምእመናኑም በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ብቻ «ሱ» የሚበሉ አሉ፤ የእኛን ረቡዕና ዓርብ ያስታውሰኝ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ሰው «ሱ» ሲባል እንቁላልና ወተትን ከተከለከሉት ስለማይቆጥራቸው፣ እርስዎ «ቹን ሱ» ይበሉ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው።

በካንቶን (በጓንዡ አካባቢ) ማዕድ ቤት ወተትና ቅቤ እምብዛም ስለማይገቡ በዚያ በኩል ብዙ አይጨነቁ፤ ከዳቦ መጋገሪያ የሚገዙት ለስላሳ ዳቦ ግን ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይኖርበታል። ይልቁንም የሚያሳስቱት ዓይን የማያያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጎመን ላይ የሚፈስሰው ኦይስተር ከሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የተሠራ ጥቁር ሶስ፣ በጨው ፋንታ የሚጨመረው የዶሮ ዱቄትና የአሳማ ስብ። እኔ እነዚህን፣ እንቁላልንና ዓሣንም ጨምሬ፣ «በአትክልት ዘይት ብቻ» ከሚል ቃል ጋር በቻይንኛ በትንሽ ካርድ ላይ አጽፌ በኪሴ እይዝ ነበር። ካርዱን አስተናጋጁ ወደ ጓዳ ይዞት ሲገባና አብሳዩ ራሱ አንብቦት ራሱን ሲነቀንቅ ሳይ ነበር ልቤ የሚያርፈው። ስልክዎ ላይ ያለው የጎግል መተርጎሚያ እዚያ ላይሠራ ስለሚችል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መዝገበ ቃላት ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ይጫኑ።

ከምግቦቹ መካከል እንደ ክር ተከትፎ በኮምጣጤና በቃሪያ የሚጠበሰው ድንች («ቱዶው ሲ») እንዲሁም ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ የሚደባለቁበት «ዲ ሳን ሺየን» ካርዱን አሳይተው ካዘዟቸው የሚያጠግቡ ናቸው። ማፖ ቶፉ የሚባለው ግን ስሙ የቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ) ይሁን እንጂ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል። ፈጽሞ ሳይሳቀቁ መብላት ሲያሰኝዎት በቤይጂንግ ሉ የእግረኞች መንገድ አጠገብ ወዳለው የዳፎ ሲ ቤተ መቅደስ ምግብ ቤት ይሂዱ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በእነርሱ ሥርዓት የተከለከሉ ስለሆኑ ግን፣ በቁሌት ላደገ ምላስ ምግቡ ትንሽ ለዘብ ይላል፤ ሚጥሚጣ ይያዙ።

መልስ፣ ከአንዲት ነጋዴ፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ለከተማው ጥሩ ነው። ነገር ግን የመብራት ዕቃ የሚገዛ ሰው ወደ ዦንግሻን፣ የመብራት ዕቃ ፋብሪካዎች ወደበዙባት ወደ ጉዠን መውረዱ ስለማይቀር፣ በፋብሪካ ሰፈር ቤተ መቅደስ ፍለጋ መዞር አይቻልም። ዘጠኝ ሰዓት የሚጠብቁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ምድጃቸውን ያጠፋሉ። በእኔ አስተያየት ዋናው ስንቅ ከቤት መሄድ አለበት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ምንም ማብሰያ አይፈልጉም፤ የፈላ ውሃም በአውሮፕላን ማረፊያውም በባቡሩም በነጻ ስለሚገኝ፣ ሻይ የሚፈላበት ቦታ መፈለግ አያሻም። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ወይም ለዘር የሚሆን እህል ግን ጉምሩክ ላይ ይወሰድብዎታልና አይያዙ።

ሽሮን በተመለከተ ከስሕተቴ ይማሩ። በመጀመሪያው ጉዞዬ በሆቴሉ ማንቆርቆሪያ ልሠራ ሞክሬ፣ ሽሮው ከታች አርሮ፣ ማንቆርቆሪያውም በርበሬ በርበሬ እየሸተተ የቀረ ሲሆን፣ ስወጣ ዋጋውን ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ሩዝ የምታበስል ትንሽ ማብሰያ ገዝቼ በሻንጣዬ ይዣት እዞራለሁ። ምጥን ሽሮ ስለምጠቀም ሽንኩርት ማቁላላት የለም፤ ጭስም ስለሌለ የእሳት ማስጠንቀቂያው አይጮኽም። ውሃውና ዘይቱ ሲፈሉ ሽሮውን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ እንዳይጓጉል ቶሎ ቶሎ ማማሰል ነው፤ ድርቆሽ ካለ ከላዩ ላይ ይደረጋል። በክፍል ውስጥ ማብሰል የሚከለክሉ ሆቴሎች ስላሉ ግን አስቀድመው ይጠይቁ።

አጭር መልስ፦
ለአውሮፕላኑም ያስቡበት። ልዩ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚመርጡት ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ለሌለበት ምግብ የተሰጠውን «ቪጂኤምኤል» የሚለውን ኮድ ይሁን፤ «ኤቪኤምኤል» የተባለው የእስያ አትክልት ምግብ ወተት ሊኖርበት ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ካርዱን ዛሬውኑ አጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የፋብሪካ ባለቤቶች ውል ከመፈራረማችን በፊት እራት ይጋብዙኛል፤ ባለቤቱ ራሱ በቾፕስቲኩ እያነሣ ሳህኔ ላይ ሲያስቀምጥልኝ፣ አልበላም ማለቱ እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ እፈራለሁ።

መልስ፣ እዚያው ከተማረ ሰው፦
ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ከሆነ አዎን፣ ያስቀይማል፤ ጋባዡ በእንግዶቹ ፊት ያፍራልና። ስለዚህ ቀጠሮው እንደተያዘ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት፣ የካርዱን ፎቶ በዊቻት (በቻይና የተለመደው የስልክ መልእክት መላላኪያ) ይላኩለትና የሃይማኖት ጾም ላይ መሆንዎን ይግለጹ። የሚያዝዘው እርሱ ስለሆነ፣ በሚሽከረከረው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት የ«ሱ» ምግቦች እንዲኖሩ ማድረጉ ክብሩ ነው። እኔ በአስተርጓሚነት አብሬው የሄድኩት አንድ ነጋዴ እንዲህ ባደረገ ጊዜ የፋብሪካው ባለቤት እናት «ሱ» በላተኛ ሆነው ተገኝተው፣ እራቱ በሙሉ ስለ እርሳቸው ሲወራ አለቀ። መጠጡንም ከማይጠጡት ወገን ከሆኑ፣ ብርጭቆዎን በሻይ ሞልተው ያንሡ፤ በሻይ ማጋጨት የተለመደ ነው።