ሦስተኛ የክፍያ መንገድ ሊጨመር ነው፦ ስትራቴጂ፣ ፋክተሪ ወይስ ኢፉ ይቀጥል?

ኢፍ_የሰለቸው

ሰላም ለሁላችሁ። በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) የተሠራ የኦንላይን መሸጫ ነው። እስካሁን ክፍያ የሚቀበለው በቴሌብርና በቻፓ ሲሆን አሁን የባንክ ዝውውር ሊጨመር ነው። ክፍያ የሚያስጀምረው ፈንክሽን 400 መስመር ደርሷል፤ ግማሹ «ቴሌብር ከሆነ ይህን፣ ቻፓ ከሆነ ያንን» ነው። ያው ኢፍ ማረጋገጫው፣ የገንዘብ ተመላሹና ሪፖርቱ ላይም ተደግሟል። ያሰብኩት ስትራቴጂ (እያንዳንዱን አሠራር ለይቶ የሚያቀያይር ፓተርን፣ ማለትም የተለመደ የኮድ አደረጃጀት) ከአብስትራክት ፋክተሪ (ተዛማጅ ኦብጀክቶችን በስብስብ ከሚፈጥር ፓተርን) ጋር ነበር። ኮዱን የሚገመግመው ባልደረባዬ ግን «ለሦስት መንገድ 11 ክላስ?» ብሎ መለሰው። ማናችን ነን ልክ?

ሳንቲም_ቆጣሪ

ሁለታችሁም በከፊል። ኢፉ አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተወው እልህ ነበር። ያው ጥያቄ አራት ቦታ ከተጠየቀ ግን ቀጣዩ መንገድ ሲመጣ አንዱ ቦታ መረሳቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ተመላሹ ነው።

አብስትራክት ፋክተሪ የሚያስፈልገው እርስ በርስ ብቻ የሚሠሩ የኦብጀክት ስብስቦች ሲኖሩ ነው፤ እዚህ የሉም። ለመምረጥ አንድ ዲክሽነሪ ይበቃል፦ በአንድ በኩል የመንገዱ ስም፣ በሌላው ክላሱ። ስሙ ካልተገኘ ወዲያው ስህተት ይጣል እንጂ ዝም ብሎ ወደ ሌላ መንገድ አይለፍ።

ስትራቴጂ ያልከው ውስጥ ዋናው ሥራ በእርግጥ የአዳፕተር ነው፤ የውጭውን አሠራር ወደ ራስህ ኮድ ቅርጽ የሚተረጉም ክፍል ማለት ነው። እያንዳንዱ ኤፒአይ (ኮድህ ከክፍያ አቅራቢው ጋር የሚነጋገርበት በር) የገንዘቡ አጻጻፍ፣ የሁኔታ ቃሉና የፊርማው አሠራር ለየቅል ነው። ያ ሁሉ ልዩነት አዳፕተሩ ውስጥ ይቅር፤ አንድም የአቅራቢ ቃል ወደ ትዕዛዝ ኮድህ አይሻገር። ኢንተርፌሱ (ሁሉም አዳፕተሮች የሚያሟሉት የሜተዶች ዝርዝር) ላይ ሦስት ሜተድ ብቻ አድርግ፦ ጀምር፣ አረጋግጥ፣ ማሳወቂያ አንብብ። ተመላሽን እዚያ አትክተተው። በኤፒአይ መመለስ የማይቻልበት መንገድ ሲመጣ «አይደገፍም» እያለ ስህተት የሚጥል ባዶ ሜተድ ታቅፈህ ትቀራለህ። ለሚችሉት ብቻ የተለየ ትንሽ ኢንተርፌስ ይሁን።

በአዳፕተሩ ድንበር ላይ ገንዘብ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይለፍ። ፓይተን ላይ 19.99ን በ100 አባዝተህ ወደ ሙሉ ቁጥር ብትቀይር 1998 ነው የምታገኘው፤ አንዲት ሳንቲም በየሽያጩ ትጠፋና ሒሳብ ክፍል ወር መጨረሻ ላይ ይፈልግሃል። ከተሳካ፣ ካልተሳካና በመጠባበቅ ላይ ካለው ሌላ አራተኛ ሁኔታ ያስፈልግሃል፦ አይታወቅም። ታይምአውት ማለት ክፍያው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ መልሱ አልደረሰህም ማለት ብቻ ነው። «አልተሳካም» ብለህ ከመዘገብከው ደንበኛው እንደገና ይሞክርና ሁለቴ ይከፍላል። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ጥያቄውን ከመላክህ በፊት ራስህ ፍጠር፣ ዳታቤዝ ላይ እንዳይደገም ዩኒክ አድርገህ አስቀምጥ፤ በኋላ በዚያው ቁጥር ትጠይቃለህ።

ክላስ_ይብቃን

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ልጨምር። ኢንተርፌሱን ቀድመህ አትጻፈው። መጀመሪያ አሁን ያለውን አሠራር የሚይዙ ቴስቶች ጻፍ፤ ስህተት የሚመስለውንም ጭምር እንዳለ ያዘው። ቀጥሎ ቻፓን ብቻ ወደ ራሱ ሞጁል አውጣ፣ ኢፉ ለቴሌብር እንዳለ ይቆይ። ቴስቱ ካለፈ ሁለተኛውን አውጣ። ኢንተርፌሱ ከሁለቱ ንጽጽር ይወጣል።

እንዲያም ሆኖ የባንክ ዝውውሩ ያፈርሰዋል፣ ጠብቀው። በሁለቱ ላይ «ጀምር» የሚመልሰው ደንበኛው የሚላክበትን ሊንክ ነው። በዝውውር ግን ሊንክ የለም፤ የሒሳብ ቁጥር ታሳያለህ፣ ደንበኛው ደረሰኝ ይጭናል፣ ሰው አይቶ ያጸድቃል፣ ያ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ «ጀምር» ሊንክ ሳይሆን «ቀጣይ እርምጃ» ይመልስ፦ ወይ ወደዚህ ሂድ፣ ወይ ይህን መመሪያ አሳይ። ይህን ሳታይ የተጻፈ ኢንተርፌስ ላይ ነው ባዶ ሊንክ የሚመልስ አዳፕተር የሚመጣው፣ ከዚያም «ሊንኩ ባዶ ከሆነ» የሚል አዲስ ኢፍ!

የክላስ ብዛት ላይ ባልደረባህ ልክ ነው። ሁኔታ የማይዝ ስትራቴጂ ፓይተን ላይ ተራ ፈንክሽን ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፒተር ኖርቪግ እ.ኤ.አ. በ1996 «ዲዛይን ፓተርንስ» መጽሐፍ ውስጥ ካሉት 23 ፓተርኖች 16ቱ በዳይናሚክ ቋንቋዎች (ፓይተንም አንዱ ነው) ወይ እንደሚቀሉ ወይ ጨርሶ እንደማይታዩ አሳይቷል። ጃቫ ላይ የተማርነውን እንዳለ ገልብጠን ስለምናመጣ ነው 11 የሚሆነው።

ኢፍ_የሰለቸው

አመሰግናለሁ፣ «ቀጣይ እርምጃ» የሚለውን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ልጨምር፦ ክፍያ ሲረጋገጥ ኤስኤምኤስ መላክ፣ ደረሰኝ ማዘጋጀትና ክምችት መቀነስ በጃንጎ ሲግናል (አንድ ነገር ሲከሰት የተመዘገቡ ፈንክሽኖችን በሚጠራ ዘዴ) ነው የተያያዙት። ኤስኤምኤሱ ሲዘገይ ገጹም ይቆማል። አንዳንዴም መልእክቱ ይሄድና ትዕዛዙ «አልተከፈለም» ሆኖ ይገኛል።

ሳንቲም_ቆጣሪ

ሲግናል የኦብዘርቨር ፓተርን ነው፦ አንዱ ያሳውቃል፣ የተመዘገቡት ይሰማሉ፤ የጃንጎው ደግሞ በተለመደው መንገድ ሲጠራ እዚያው ይሠራል። ላኪው ሁሉም ተቀባዮች እስኪጨርሱ ይጠብቃል፤ አንዱ ስህተት ከጣለ ቀሪዎቹ አይጠሩም፣ አቶሚክ (ወይ ሁሉም የሚጸድቅበት ወይ ሁሉም የሚሰረዝበት የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ከሆነ ትራንዛክሽኑም ይቀለበሳል። የተላከ ኤስኤምኤስ ግን አይቀለበስም። ያየኸው ይኸው ነው።

ክምችቱን ከሲግናል አውጣው። እሱ የሽያጩ አካል ነው፤ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ በግልጽ ይጠራ። ኤስኤምኤሱና ደረሰኙ ዘግይተው ቢደርሱ ጉዳት የለውም። ኦን_ኮሚት (ትራንዛክሽኑ ከጸደቀ በኋላ ብቻ የሚጠራ) ላይ ብታንጠለጥላቸው የመቀልበሱ ችግር ይፈታል፤ ሰርቨሩ ከኮሚት በኋላ ወዲያው ቢጠፋ ግን መልእክቱ አብሮ ይጠፋል። ይህ የሚያሳስብህ ከሆነ አውትቦክስ ተጠቀም፦ በዚያው ትራንዛክሽን «ይህን መልእክት ላክ» የሚል ረድፍ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ጻፍ፣ ሌላ ፕሮሰስ በየ5 ሰከንዱ እያነበበ ይላክ። ላኪዎቹ ሁለት ከሆኑ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) ላይ ከስሪት 9.5 ጀምሮ ያለውን ስኪፕ ሎክድ ተጠቀም፤ ሌላው የያዘውን ረድፍ ይዘላል፣ አንዱን ረድፍ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይነሱትም።

ክላስ_ይብቃን

አውትቦክስ መልእክቱ ቢያንስ አንዴ እንዲሄድ ነው ዋስትና የሚሰጠው፤ ላኪው ልኮ ረድፉን ሳይዘጋ ቢወድቅ ይደገማል። ኤስኤምኤስ ሁለቴ ቢመጣ ደንበኛው ይታገሳል፤ ደረሰኝ ቁጥር ግን ሁለቴ መውጣት የለበትም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ረድፉ ሲጻፍ ይሰጥ እንጂ ሲላክ አይደለም። የሙከራ ብዛት የሚይዝ ዓምድም ጨምርበት፤ ከ5 ሙከራ በኋላ ወደ ጎን ይቀመጥና ሰው ይየው፤ አለዚያ አንድ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ላኪውን በከንቱ ሲያለፋው ይኖራል።